ቁም ሳጥኑ አልዘጋ፣ እጥበቱ አላልቅ ሲል፦ ለድሬዳዋ ቤት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ሌላ ቁም ሳጥን ልግዛ ወይስ ያለውን ላስፋው?» የሚለው ጥያቄ ከጎረቤትም ከዘመድም በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጽፌ ማስቀመጡን መርጫለሁ። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቅሬታ ያነሳሉ፤ አንዱ የቁም ሳጥኑ መሙላት ሲሆን ሁለተኛው የእጥበቱ አለማለቅ ነው። «አቦ፣ ልብሴ በዝቶ አይደለም፣ ሳጥኑ ጠቦ ነው» ያለችኝ ጎረቤቴ ቤት ገብተን ስንቆጥር የእሷ ብቻ 27 ድሪያ (ስስና ሰፊ ቀሚስ) አገኘን፤ አዘውትራ የምትለብሰው ግን 6ቱን ነበር።

ሁለቱ ቅሬታዎች አንድ ናቸው። ልብስ ሲበዛ እጥበትን ለነገ ማሳደር ይቻላል፤ እጥበቱ ሲያድር ክምሩ ያድጋል፤ ውሃ የመጣ ቀን ክምሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታጠብና ሳይታጠፍና ሳይለይ ተጠቅጥቆ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መቀነስ፣ ቀጥሎ ማጠብ፣ በመጨረሻም በቦታው መመለስ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ለማይፈልጉት ልብስ ውሃና ጉልበት ያባክናሉ።

ለመለየቱ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለእጥበቱ ደግሞ አንድ ሙሉ ጠዋት ይመድቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 4 ንጹህ ማዳበሪያ ወይም ትልልቅ ፌስታል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
• መሬት ላይ የሚነጠፍ አሮጌ አንሶላ
• 3 ሳፋ፣ ወይም ባለ ሁለት ጎድጓዳ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና 2 ሳፋ
• በ 6 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ውሃ
• የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ላርጎ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሎሚና ጨው
• በረኪናና የላስቲክ ጓንት
• በፕላስቲክ የተሸፈነ የልብስ ማስጫ ገመድና የፕላስቲክ መቆንጠጫ
• አሮጌ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም የትራስ ልብስ፣ ለነጠላና ለሐበሻ ቀሚስ መጠቅለያ

ክፍል አንድ፦ ሳጥኑን ማቃለል

1. የሥራውን ቀን ከውሃው ፈረቃ ጋር ያገናኙ። ልብሱን የሚለዩት ውሃ ከሚመጣበት ቀን አንድ ቀን አስቀድመው ይሁን። በዚህ መንገድ ውሃው ሲመጣ የትኛው ልብስ እንደሚታጠብ ታውቆ ስለሚያድር ጠዋቱ በመለየት አይባክንም።

2. ሁሉንም ልብስ አውጥተው አንድ ቦታ ይከምሩ። «ሁሉንም» ሲባል በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም፤ በቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ያለውን፣ በር ጀርባ የተንጠለጠለውን፣ አልጋ ሥር በሻንጣ የተቀመጠውንና ገመድ ላይ የቀረውን ይጨምራል። መሳቢያ በመሳቢያ የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ልብስ በሦስት ቦታ ተደብቆ መኖሩን ስለማያይ ሥራው ከሳምንት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ ግን የሁሉንም ሰው ልብስ በአንድ ቀን አያውጡ፤ የአንድ ሰው ጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ።

ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በሩን ከፍተው ይተዉት፤ ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ያርቁት። የጀርባውን እንጨት አይተው የምስጥ አፈር ካገኙ ልብሱን ከመመለስዎ በፊት ሊታከም ይገባል። የቺፕውድ ሳጥን ከሆነ ደግሞ እግሩ ሥር ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርጉ፤ ወለል ሲወለወል እየረጠበ የሚያብጠው የታችኛው ጠርዝ ነውና።

3. በዓይነት ይለዩና ይቁጠሩ። ካናቴራውን ከካናቴራ፣ ሱሪውን ከሱሪ፣ ድሪያውን ከድሪያ፣ ሽርጡን ከሽርጥ ጋር አድርገው ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ። ቁጥሩን መጻፍ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «ጥቂት ካናቴራ አለኝ» ብሎ የሚያምን ሰው ወረቀቱ ላይ 34 የሚል ቁጥር ሲያይ ቀሪውን ውሳኔ በቀላሉ ይወስናል።

4. ስንት እንደሚበቃዎት በስሌት ይወስኑ። ስሌቱ በሁለት እጥበት መካከል ያሉትን ቀናት በቀን በሚቀየረው ልብስ ብዛት አባዝቶ ለመጠባበቂያ ጥቂት መጨመር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚታጠብበት ቤት በሁለት እጥበት መካከል ቢበዛ 4 ቀን አለው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት አንድ ሰው በቀን ሁለት ካናቴራ ሊቀይር ስለሚችል 8 ይሆናል፤ ፈረቃው ቢዘል ተብሎ 4 ሲጨመር 12 ካናቴራ ይበቃል። ጂንስ ሱሪ በየቀኑ ስለማይታጠብ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ይበቃዋል። የቤት ውስጥ ድሪያና ሽርጥ ግን ላብ የሚጠጡት እነሱ በመሆናቸው በካናቴራው ስሌት ይታሰቡ።

ይህ ስሌት ለዘወትር ልብስ ብቻ ነው። የክት ልብስ፣ የሐዘን ልብስና የደጋ ልብስ ለብቻቸው ይታያሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ወፍራም ጃኬት በዓመት ውስጥ የሚለበሰው ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ሲወጣ፣ ሐረር ሲታደር ወይም አዲስ አበባ ሲኬድ ነው። ቁልቢ ከ 2,000 ሜትር በላይ በመሆኗ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ ጃኬቱን አያስወግዱ፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው አንድ ወፍራም ጃኬትና አንድ ሹራብ ይበቃል። አምስት ጃኬት ተሰቅሎ ባየሁበት ቤት ሁሉ የመስቀያው ዘንግ ጎብጦ አግኝቻለሁ።

5. በአምስት ክምር ይክፈሉ። ክምሮቹ «ይቆያል»፣ «ይጠገናል»፣ «ይሰጣል»፣ «ጨርቅ ይሆናል» እና «የሰው ነው» የሚባሉ ናቸው። አምስተኛው ክምር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለሰርግ የተዋሱት ቀሚስ፣ እንግዳ ረስቶት የሄደው ፎጣ፣ የእህት ልጅ ሹራብ በየቤቱ አለና።

እያንዳንዱን ልብስ ሲያነሱ የሚጠይቁት ሦስት ጥያቄ ነው፦ ባለፈው አንድ ዓመት ለብሼዋለሁ? ዛሬ ልኬ ነው? ነገ ጠዋት ታጥቦ ቢቀርብልኝ ለብሼው እወጣለሁ? ለሦስቱም «አዎ» ካላሉ አይቆይም። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» የሚባለው ልብስ ለሁለተኛው ጥያቄ «አይ» መሆኑን ልብ ይበሉ። ጥያቄዎቹን ለክት፣ ለሐዘንና ለደጋ ልብስ በዚሁ ጥብቀት አያውሏቸው፤ ለእነርሱ ልክ መሆኑና ጤነኛ መሆኑ ይበቃል። ለሚዜነት ተብሎ በአንድ ቀለም የተሰፋ ቀሚስ ከክት ልብስ አይቆጠርም፤ ሁለተኛ የሚለበስበት አጋጣሚ እምብዛም ስለሌለ ለልብስ ሰፊ ተሰጥቶ ለሕፃን ቀሚስ ቢውል ይሻላል። የሟች ወላጅ ጋቢን የመሰለ መታሰቢያ ደግሞ ከጥያቄው ውጭ ነው፤ ለቤተሰቡ አንድ ሳጥን መድበው መታሰቢያ የሆነውን ሁሉ እዚያ ያኑሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሌላ ሰው ልብስ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወስኑበት። የባለቤትዎን ያረጀ ሽርጥ ለልዋጭ ሰጥተው ሳፋ ቢቀበሉ ሳፋው ሳያረጅ ጠቡ ይነሳል።

6. የሚወጣውን በዚያው ሳምንት ከቤት ያውጡ። በር ጀርባ የተቀመጠ ማዳበሪያ እየተፈታ እየተመዘዘ ይመለሳል። የሚጠገነውን በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ልብስ ሰፊ ይውሰዱ፤ ሐረር ከሆኑ ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ዘልቀው ዚፕ ማስቀየርና ማስጠበብ ይችላሉ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ያልተሰፋ «ይጠገናል» ወደ «ይሰጣል» ይዛወር። የሚሰጠውን አጥበውና ኪሱን ፈትሸው ይስጡ፤ ተቀባዩ ሰው እንዲለብሰው እንጂ እንዲያጥብልዎ አይደለም። «ጨርቅ ይሆናል» ከተባለው ውስጥ ውሃ የሚመጠው ጥጥ ብቻ ነው፤ ፖሊስተር ውሃውን እየገፋ ስለሚያንሸራትት ለመወልወያ አይሆንም።

ክፍል ሁለት፦ እጥበቱ

7. የሚታጠበውን በአራት ይለዩ። ነጭ፣ ፈካ ያለ ቀለም፣ ጥቁርና ደማቅ፣ እንዲሁም በእጅ ብቻ የሚታጠብ። ኪሱን ይፈትሹ፣ ዚፑን ይዝጉ፣ ባለቀለሙን ልብስ ወደ ውስጥ ይገልብጡት። የተከፈተ ዚፕ እንደ ድሪያ ያለውን ስስ ጨርቅ ይቀድዳል፤ መገልበጡ ደግሞ መታሸቱና ፀሐዩ በላይኛው ፊት ላይ እንዳያርፍ ያደርጋል።

አዲስ ሽርጥ ወይም አዲስ ጥቁር ልብስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻውን ይታጠብ። ብዙ ሰው ቀለም እንዳይለቅ በጨው ይዘፈዝፋል፤ ጨው ግን ጨርቅ በፋብሪካ ሲቀለም የሚያግዝ እንጂ ተቀልሞ ያለቀን ልብስ ቀለም የሚያስር አይደለም። የሚለቀው ትርፍ ቀለም ወጥቶ እስኪያልቅ ለብቻ ከማጠብ ሌላ መንገድ የለውም።

8. እድፉን ከመዘፍዘፍዎ በፊት ያክሙ። ሁሉም እድፍ አንድ መድኃኒት የለውም፤ የተሳሳተ መድኃኒት ደግሞ እድፉን ያጸናዋል።

ወጥና ዘይት፦ ልብሱ ደረቅ እንዳለ ላርጎ አፍስሰው በጣት አሽተው 15 ደቂቃ ያቆዩት። መጀመሪያ ውሃ ካገኘው ላርጎው ይቀጥንና ዘይቱን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከታጠበ በኋላ የሚቀረው የበርበሬና የእርድ ቀለም በፀሐይ እየፈዘዘ ስለሚሄድ ነጭ ልብስ ከሆነ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ያስጡት። ይህ የድሬዳዋ ፀሐይ በነፃ የሚሠራልን ሥራ ነው።

ደም፣ ወተትና እንቁላል፦ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን አብስሎ ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል።

ቡና፣ ሻሂ፣ የዘይቱንና የማንጎ ጭማቂ፦ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፤ ጥቂት አቼቶ አፍስሰው ካቆዩ በኋላ በዱቄት ሳሙና ይጠቡ። ደረቅ ሳሙና ይህን ዓይነት እድፍ ስለሚያጸናው አይጠቀሙ።

የብብት ቢጫ፦ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሰው ቀብተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩ። በረኪና ግን ቢጫውን ስለሚያባብሰው አያቅርቡት።

ዝገት፦ ሎሚ ጨምቀው ጨው ነስንሰው ፀሐይ ላይ ያኑሩና በደንብ ያለቅልቁ። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ እንዲያውም ያጸናዋል። ሂና ደግሞ ከነጭ ጥጥ ላይ ይለቃል ብለው ብዙ አይድከሙ።

9. ውሃችን ጠጣር መሆኑን አውቀው ሳሙናውን ይምረጡ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ «ነጩ ልብሴ ግራጫ ሆነ»፣ «ፎጣዬ እንደ ሰሌን ደረቀ» የሚለው ቅሬታ ግን መነሻው እዚህ ነው። የበራድዎን ክዳን ከፍተው ታችኛውን ይመልከቱ፤ በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ቅርፊት ያያሉ። ቅርፊቱ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ውሃው ሲፈላ ተለይቶ የጋገረው ነው። ያው ካልሲየም በሳፋው ውስጥ ደረቅ ሳሙናን ሲያገኝ ከሳሙናው ጋር ተጣምሮ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል። አረፋው ቶሎ የሚጠፋውና በሳፋው ጠርዝ ላይ ግራጫ ቀለበት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝቃጩ በልብሱ ክሮች መካከል ሲቀር ደግሞ ነጩን ያጠቁረዋል፣ ፎጣውንም ያደርቀዋል።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ነጭ ልብስንና ፎጣን በደረቅ ሳሙና ሳይሆን በዱቄት ሳሙና ይጠቡ፤ የዱቄት ሳሙና እንዲህ ያለውን ዝቃጭ አይሠራም። ደረቁን ሳሙና ለአንገትጌና ለእጅጌ ጠርዝ ማሻ ብቻ ያውሉት። ሁለተኛ፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ 10 ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻሂ ብርጭቆ አቼቶ ይጨምሩ፤ የቀረውን ዝቃጭ ያሟሟል፣ ሽታውም ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ለነጠላና ለመሳሰሉት ጥቂት ልብሶች ውሃውን አፍልተው አቀዝቅዘው ከላይ ያለውን የጠራውን ብቻ ቀድተው ይጠቀሙ፤ ሲፈላ ካልሲየሙ በከፊል ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህን ለሁሉም ልብስ ያድርጉ አልልም፤ ከሰሉም ኤሌክትሪኩም አይበቃም።

ሳሙና ማብዛት መፍትሔ አይደለም። ለ 10 ሊትር ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና በቂ ሲሆን ትርፉ ለማለቅለቂያ ሁለት ጀሪካን ያስጨምራል። ዱቄቱን ልብሱ ከመግባቱ በፊት በውሃው በሚገባ ያሟሙት፤ ጥቁር ልብስ ላይ የሚቀረው ነጭ ነጥብ ያልሟሟ ዱቄት ነው።

10. በ 6 ጀሪካን ሦስት ዙር ይጠቡ። 120 ሊትር ውሃ በሚከተለው አከፋፈል ይበቃል፦ 40 ሊትር ለማጠቢያ፣ 30 ሊትር ለመጀመሪያ ማለቅለቂያ፣ 30 ሊትር ለሁለተኛ ማለቅለቂያ፣ 20 ሊትር ለመጨመሪያ።

ሀ. ነጩን በማጠቢያው 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ይጠቡ፤ ጨምቀው በመጀመሪያው፣ ከዚያም በሁለተኛው ውሃ ያለቅልቁ።
ለ. በዚያው ማጠቢያ ውሃ ጥቂት ሳሙና ጨምረው ፈካ ያለውን ቀለም ይጠቡ፤ በሁለቱም ውሃ ያለቅልቁ።
ሐ. የመጀመሪያውን ማለቅለቂያ ወደ ባልዲ ገልብጠው ለሽንት ቤት ያኑሩ። ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል፤ መጨመሪያው 20 ሊትር ደግሞ አዲሱ ሁለተኛ ይሆናል።
መ. ጥቁሩንና ደማቁን በመጨረሻ ይጠቡ።

ከነጭ ወደ ጥቁር የሚኬደው ቀለሙም ቆሻሻውም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው። ከማለቅለቅ በፊት የሳሙናውን ውሃ ከልብሱ በደንብ ማውጣት ማለቅለቂያው ቶሎ እንዳይቆሽሽ ስለሚያደርግ፣ ባለ ሁለት ጎድጓዳ ማሽን ካለዎት በእያንዳንዱ ውሃ መካከል ለአንድ ደቂቃ ያህል በመጭመቂያው ያሽከርክሩት። ማሽኑን አጨናንቀው አይሙሉ፤ ልብሱ ሲሽከረከር እርስ በርስ እየተሻሸ ካልተገላበጠ በሳሙና ውሃ ረጥቦ ከመውጣት በቀር አይጸዳም።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጭመቂያው ጎድጓዳ ፈጽሞ ሳይቆም እጅዎን አያስገቡ። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆመው ሶኬት አይንኩ። ሕፃን ባለበት ቤት የተሞላ ሳፋ ያለ ጠባቂ ለደቂቃም አይተው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለእጥበት ያጠራቀሙትን በርሜልና ሮቶ ይክደኑ፣ በየሳምንቱም ውስጡን ፈግፍገው ያጽዱ። ዴንጊንና ችኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በእንዲህ ያለው ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲሆን ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ከሳምንት ብዙም አትዘልም። ከተማችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ 2013 ዴንጊን፣ በ 2019 ደግሞ ችኩንጉንያን አይታለች።

11. ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ለብቻቸው ይታጠቡ። የጥለቱን ቀለም አስቀድመው ይፈትኑ፤ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጥለቱ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ይጫኑት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ነጠላው አይዘፈዘፍም፤ ጥለቱን በእጅ ሰብስበው ከውሃው ውጭ ይዘው መሐሉን ብቻ በፍጥነት ይጠቡ። ካልያዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው በመዳፍ እየተጫኑ ያጥቡት። በእጅ የተፈተለው ማግ ልል በመሆኑ እንደ ጂንስ ቢታሽ ይላጣል፣ ቢጠመዘዝም ድሩ ይዛባል። ስለዚህ አይጠምዝዙት፤ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ይጫኑትና ውሃውን ያስመጡት። ሲያሰጡት በሁለት ገመድ ላይ ዘርግተው ያሳርፉት፤ በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ በውሃው ክብደት ወደ ታች ይለጠጣል። ነጩ መሐል ፀሐይ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ጥለቱ ግን በነጭ ጨርቅ ይሸፈን።

12. በረኪናን በልክና በነጭ ጥጥ ላይ ብቻ ይጠቀሙ። ለ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምረው ካማሰሉ በኋላ ልብሱን ያስገቡ፤ ከ 10 ደቂቃ በላይ አያቆዩት። ሱፍን፣ ሐርንና የሚለጠጥ ክር ያለውን ልብስ ያበላሻል። ጠርሙሱን ከፀሐይና ከሙቀት አርቀው ያኑሩት፤ ሙቀት ኃይሉን ስለሚያደክም በረንዳ ላይ የከረመ በረኪና ብዙ ቢጨመርም አይሠራም።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና የነካውን ልብስ በተራ ውሃ ሁለት ጊዜ ሳያለቀልቁ አቼቶ ወዳለበት ሳፋ አያስገቡት።

13. በጠዋት አስጥተው በጊዜ ያንሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ በተለይ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ላለ ቤት እርጥብ ልብስ አሸዋ ይለብሳል። ነጩን ፀሐይ ላይ፣ ባለቀለሙን ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ያስጡ። ስስ ልብስ በእኛ ሙቀት አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ እስከ ማታ የሚተወው ቀለሙ ይለቃል፣ ላስቲኩም ይደርቃል። ራቁቱን የሆነ የብረት ሽቦ ገመድ አይሁን፤ በስምንተኛው ደረጃ ያነሳሁት ዝገት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ነው። ልብሱን ከመስቀልዎ በፊት በኃይል ያራግፉት፤ የካውያውን ሥራ ግማሽ ያህል ያቃልላል።

ክፍል ሦስት፦ መመለስና ማስቀጠል

14. ፈጽሞ የደረቀውን ብቻ ይመልሱ። የስፌቱን ጥግና የወገቡን ላስቲክ በጣት ይንኩ፤ ቀዝቀዝ ካለ ገና እርጥብ ነው፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥም ይሻግታል። ካውያ ለሚያስፈልገው ብቻ ይተኮስ። የሚያብለጨልጭ ክር ያለበትን ጥለት በቀጥታ አይተኩሱ፤ በጀርባው በኩል ጨርቅ ጣል አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይለፉት። በኡንሲ ወይም በሉባን ዕጣን የሚያጥኑ ከሆነ ከደረቀ በኋላ፣ ከማጨሻው በቂ ርቀት ጠብቀው፣ አጠገቡ ቆመው ይሁን።

15. ከባዱን ታች፣ የዘወትሩን በዓይን ትይዩ ያድርጉ። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ሹራብ ይታጠፋሉ እንጂ አይሰቀሉም፤ ሹራብ በትከሻው ይለጠጣልና። ካናቴራን ደራርበው ከመከመር ይልቅ አጥፈው በጠርዙ አቁመው እንደ መጽሐፍ ይደርድሩት፤ ከታች ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማፍረስ ይቀራል። ሳጥኑ ሲዘጋ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሊቀረው ይገባል፤ አየር የማይዘዋወርበት ሳጥን ይሸታል።

ነጠላንና የሐበሻ ቀሚስን ጠቅልለው በአሮጌ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይሸፍኑ። በፌስታል አይሆንም። እኔ ራሴ የእናቴን ነጠላ «አቧራ እንዳይነካው» ብዬ በፌስታል አስሬ አስቀምጬ ክረምቱ ሲወጣ ስፈታው እጥፋቱን ተከትሎ ቢጫ መስመር አውጥቶ አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል።

ብል የሚበላው ሱፍንና ላብ ወይም ወጥ የነካውን ልብስ ስለሆነ የደጋውን ልብስ ሳያጥቡ አያስቀምጡ። ናፍታሊን የሚጠቀሙ ከሆነ በጨርቅ ቋጥረው ልብሱን ሳይነካ ያኑሩት፤ ከፕላስቲክ ቁልፍና ከፌስታል ጋር ሲነካካ ያቀልጣቸዋል። ለአራስ የሚሆን ልብስና ብርድ ልብስ ግን ናፍታሊን ባለበት ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ቀይ የደም ሴሎችን የሚያፈርስ ከባድ ሕመም ያስከትላል። ክኒንና ከረሜላ ስለሚመስልም ልጅ ከማይደርስበት ይሁን።

16. የታጠበውን ሁልጊዜ በግራ በኩል ይስቀሉ። ለብሰው ያጠቡት ሁሉ ወደ ግራ ሲመለስ ያልተለበሰው በራሱ ወደ ቀኝ ይገፋል። ከሦስት ወር በኋላ በቀኙ ጫፍ የተሰበሰበውን አውጥተው በአምስተኛው ደረጃ ጥያቄዎች ይፈትኑት። መለየቱን ከአዲስ ዓመትና ከኢድ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የጎደለዎትን ያውቃሉ። አዲስ ልብስ ሲገባ ከዚያው ዓይነት አንድ ይወጣል፤ በሦስተኛው ደረጃ የጻፉትን ወረቀት በሳጥኑ በር ውስጠኛ ክፍል ለጥፈው ቁጥሩን እዚያው ያስተካክሉ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

• ሳይለዩ መስቀያና ማስቀመጫ ሳጥን መግዛት። ምን ያህል እንደሚቆይ ሳይታወቅ የተገዛው ማስቀመጫ ራሱ ቦታ ይይዛል።
• የቆሸሸ ልብስን በተዘጋ ቅርጫት ማጠራቀም። በላብ የረጠበ ልብስ በተዘጋ ቅርጫት ሲታመቅ ይሸታል፤ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት ይጠቀሙ፣ እርጥቡንም ካናፈሱ በኋላ ይክተቱ።
• ልብስን ከሌሊት እስከ ጠዋት መዘፍዘፍ። በእኛ ሙቀት የሳሙናው ውሃ አድሮ ይሸታል፣ ቀለሙም ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። ከአንድ ሰዓት በላይ አያስፈልግም።
• የታጠፈውን ክምር ሶፋ ላይ ማሳደር። ማንም ሰው ከክምሩ መሐል አንድ ሲመዝ ቀሪው ይፈርሳል፤ ልጆች የራሳቸውን ድርሻ ወስደው እንዲያስቀምጡ ያድርጉ።
• ማሽኑን አለማጽዳት። በራዱን የጋገረው ካልሲየም ማሽኑንም ይጋግራል፤ በወር አንድ ጊዜ ባዶውን በሙቅ ውሃና በሁለት የሻሂ ብርጭቆ አቼቶ ያዙሩት፣ የክር ማጥለያውንም አውጥተው ይጠቡ። ይህን በሚያደርጉበት ቀን ማሽኑ ውስጥ በረኪና እንዳልቀረ ያረጋግጡ።